በክረምት አንድ ቀን፣ አንድ ሸለቆ፦ ባሌ ላይ ጋይሳይ፣ ዳንካ ወይስ ዌብ?

ሐምሌና ነሐሴ ብዙ ሰው እረፍት የሚያገኝበት ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድም ትኬት የሚቆርጠው ለእነዚህ ወራት ነው። እሱ ያለበት አገር በጋ ነው፤ እኛ ዘንድ ክረምቱ ጠንቷል። ታዲያ አንድ ሰው «ባሌ ሄደን አንድ ቀን በእግራችን እንዙር» ሲል ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «በዚህ ዝናብ?» ይላል። ግማሹ ስልኩን አውጥቶ ባሌ ላይ ያለውን የሰነቲን አምባ ፎቶ ያሳያል።

ለሁለቱም መልስ አለኝ። በክረምት ባሌ ላይ በእግር መሄድ ይቻላል። እንዲያውም እኔ ከሌላው ወቅት አብልጬ የምወደው ክረምቱን ነው። ግን ያላችሁ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ፎቶ አይታችሁ ቦታ አትምረጡ። በክረምት ቦታ የሚመረጠው በውሃና በከፍታ ነው። ሌሊቱን ምን ያህል ዘነበ? መንገዱ ላይ ስንት ወንዝ አለ? እኛስ ትናንት ያደርነው የት ነው? እነዚህን ከመለሳችሁ ምርጫው ቀላል ነው።

የማወዳድረው ሦስት ሸለቆዎችን ነው፦ ጋይሳይን፣ ዳንካንና ዌብን። የሦስቱም ጉዞ የሚነሳው ከዲንሾ ነው። ዲንሾ ከአዲስ አበባ በአሰላ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከተማው ትንሽ ነው፤ ከፍታው ግን 3,100 ሜትር አካባቢ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤትም እዚያው ነው። ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው ሮቤ ያርፍና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ዲንሾ ይመለሳል። በመኪና የሚመጣ ደግሞ ከመነሳቱ በፊት የመንገዱን ደህንነት ዲንሾ ወይም ሮቤ ላለ ሰው ደውሎ ይጠይቅ። ያለፈው ወር ወሬ አይበቃም፤ የዚያን ሳምንት ጠይቁ።

ክረምቱ እዚያ ምን ይመስላል?

የባሌ ዝናብ ከአዲስ አበባው ይረዝማል። መጋቢት አካባቢ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይበረታል። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ የሚውልበት ቀን ብዙ አይደለም። የተለመደው ነገር ይህ ነው፦ ጠዋት ጉም አለ፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ይገለጣል፤ እስከ ስድስት ሰዓት ጥሩ ነው፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ ደመናው ከሰነቲ በኩል ይወርድና ዶፉን ይለቀዋል። አንዳንዴ በረዶ አለው፣ አንዳንዴም መብረቅ። ስለዚህ በክረምት የሚራመድ ሰው ቀኑ የሚያልቀው በሰባት ሰዓት ነው ብሎ ያስብ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የተነሳ ሰው ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል አለው። ቁርሱን አስረዝሞ ሦስት ሰዓት ላይ የተነሳ ግን ከዚህ ሁለት ሰዓት ተኩሉን በልቶታል።

ብርዱን በተመለከተ ሰው የሚሳሳተው አለ። ባሌ ላይ ሌሊቱ አጥንት የሚሰብረው በበጋ ነው፤ ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል። በክረምት ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን ይይዘዋል። የክረምቱ ጠላት እርጥበት ነው። የረጠበ ካልሲና የረጠበ ሹራብ በነፋስ ላይ ሲሆን ሰውን በፍጥነት ያደክማል።

ክረምቱ የሚሰጠውም አለ። በጥር ቡናማ ሆኖ የምታዩት ሜዳ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ነው። ቀይና ብርቱካናማ አበቦች ከሣሩ መሐል ቀጥ ብለው ይወጣሉ። ጎብኚ ጥቂት ነው። ከነሐሴ ጀምሮ ደግሞ ቀይ ቀበሮዎች የሚጣመሩበት ወቅት ስለሆነ፣ ተበታትነው ከሚያድኑበት ጊዜ ይልቅ ሁለት ሦስት ሆነው ሲሯሯጡ የማየት ዕድል አለ።

ጋይሳይ

ከአዳባ ስትመጡ ዲንሾ ከመግባታችሁ በፊት ከመንገዱ ዳር የሚዘረጋው ሰፊ ሜዳ ነው። ከፍታው 3,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከሦስቱ ዝቅተኛው ይህ ነው። መሬቱ ሜዳማ ነው። መሐሉ ሣርና ረግረግ ነው፤ ዙሪያውን ኮረብታዎች ከበውታል፤ ኮረብታው ግርጌ ኮሶና ጥድ አለ። ሁለት ሦስት ሰዓት በዝግታ መራመድ ይበቃዋል። ሽቅብ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል።

የጋይሳይ ባለቤት የደጋ አጋዘን ነው፤ ብዙ ሰው ኒያላ ይለዋል። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ሳይንስ ስም የሰጠው በ1910 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከአፍሪካ ትላልቅ አጋዘኖች ሁሉ በመጨረሻ የታወቀው እሱ ነው። የአካባቢው ሰው ግን ከዚያ በፊትም አብሮት ይኖር ነበር። ወንዱ የሚጠማዘዝ ረጅም ቀንድ አለው፤ ሴቷ ቀንድ የላትም። ሴቶቹ ግልገሎቻቸውን ይዘው በቡድን ይሄዳሉ። ጠዋት ላይ ከጫካው ጠርዝ ወደ ሣሩ ይወጣሉ። አንዷ ካየቻችሁ ጆሮዋን ታቆማለች፤ ሌሎቹም ቀና ይላሉ። ቆማችሁ ዝም ካላችሁ ግን ብዙ ጊዜ አይሸሹም። ሁለት ወንዶች ሲገናኙ ካያችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው፣ የጀርባቸውን ጠጉር አቁመው፣ ጎን ለጎን በጣም በዝግታ ይራመዳሉ። ብዙ ጊዜ ሳይዋጉ አንዱ ይተወዋል።

ከእነሱ ጋር ከርከሮ አለ። ከርከሮ ሣር ሲበላ የፊት ጉልበቱን ያጥፋል። ተንበርክኮ፣ ጅራቱን እያወዛወዘ፣ እንደተንበረከከ ወደ ፊት ይሄዳል። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ስለ ቀኑ የሚያወራላችሁ ስለ ከርከሮው ነው። ቦሆር የሚባል አጋዘንም አለ፤ ረጅም ሣር ውስጥ ተኝቶ ይቆይና እግራችሁ ሲቀርበው ተፈናጥሮ ይነሳል። መንገዱ ዳር ጭቁኝ በብዛት በቅሏል። ሱሪያችሁ ሲነካው ሽታው ይነሳል፤ ዝናብ ካገኘው በኋላ ደግሞ ይበልጥ ይጠነክራል። ማታ ልብሳችሁን ስታወልቁ እንኳ ይሸታችኋል።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ አስፋልቱ ቅርብ ነው። መጀመሪያ ላይ የአይሱዙና የሚኒባስ ድምፅ አይለያችሁም። ጸጥታ ፈልጋችሁ ከሆነ ወደ ኮረብታው ግርጌ መጠጋት አለባችሁ፤ እዚያ ሲደረስ መኪናው ይጠፋል። ሁለተኛ፣ በክረምት የሜዳው መሐል ውሃ ይቋጥራል። ከላይ ሲታይ ሣር ነው፤ ስትረግጡት እስከ ቁርጭምጭሚት ትገባላችሁ። መሐሉን በቀጥታ እንቁረጥ የሚል ሰው ሁልጊዜ ይገኛል። አትስሙት። ዳር ዳሩን የሚሄደው መንገድ ይረዝማል፤ እንስሳቱም ያሉት እዚያው ዳር ላይ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ባሌ ለሚሄድና አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው ምርጫዬ ጋይሳይ ነው። ብዙ ሰው «መንገድ ዳር ያለ ሜዳ ነው» ብሎ ይንቀዋል፤ በመኪና መስኮት አይቶት ያልፋል። ይህ ያሳዝነኛል። በክረምት ዝናብ ቢመጣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መኪናችሁ ጋ የምትደርሱበት፣ ብርቅ አውሬ በእርግጠኝነት ማለት በሚቻል ደረጃ የምታዩበት ሌላ ሸለቆ በአካባቢው የለም።

ዳንካ

ስለ ዳንካ ብዙ የሚባል የለም፤ ጥሩነቱም እሱ ነው። መኪና አያስፈልግም። ከዲንሾ በእግር ተነስታችሁ ወንዙን ተከትላችሁ ሽቅብ ትሄዳላችሁ። ከታች ጥድ አለ፤ እያደር ይሳሳና ድንጋያማ ገደል ይተካዋል። ገደሉ ላይ ሽኮኮዎች ፀሐይ ሲሞቁ ይታያሉ። የገብስ ማሳና የሰው ቤትም ታልፋላችሁ። ወንዙ ላይ ተፈጥሮ ራሷ የሠራችው የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ወደ ዌብ የሚወጣው የመኪና መንገድ የሚሻገረው በእሱ ላይ ነው።

በአውቶቡስ ለመጣና ባጀቱ ለጠበበ ሰው ይመቻል። የፈለጋችሁበት ቦታ ላይ መመለስ ትችላላችሁ። ግን ሌሊቱን ሲዘንብ ካደረ ወንዙ ይሞላል። ትናንት በድንጋይ ላይ የተሻገራችሁት ቦታ ዛሬ ድንጋዩ አይታይም። እንዲህ ሲሆን ማዶውን ተዉት፤ በዚያው ዳርቻ ሄዳችሁ በዚያው ተመለሱ። ውሃው ከጉልበት ካለፈና ከጠቆረ ማንም ሰው እንዳይገባ።

ዌብ

ስለ ዌብ ሳወራ ራሴን መግታት አለብኝ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

ዌብ 3,500 ሜትር አካባቢ ላይ የተዘረጋ ሰፊ ሸለቆ ነው። ዛፍ የለውም። አጭር ሣር፣ እሳተ ገሞራ የተወው ጥቁር ድንጋይ፣ አልፎ አልፎ ቀጥ ብሎ የቆመ ጅብራ፣ በመሐሉ የሚጠማዘዝ ወንዝ። ያለው ይህ ነው። ነፋሱ ካልነፈሰ የምትሰሙት የራሳችሁን ትንፋሽ ነው። በጸጥታ ከሦስቱ የሚወዳደረው የለም።

ሰው ወደ ዌብ የሚሄደው ቀይ ቀበሮ ለማየት ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ዕድሜያቸው የደረሰ ቀበሮዎች ከ500 ያንሳሉ፤ ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ላይ ነው። ዌብም ከዋና ዋና መኖሪያዎቹ አንዱ ነው። ምክንያቱ ከመሬቱ ሥር ነው። እዚህ ትልቁ ፍልፈል ይኖራል፤ ከባሌ ውጭ አይገኝም። ትንሽ ቁጭ ብላችሁ አንድ ጉድጓድ ተመልከቱ። መጀመሪያ አፈር ይነቃነቃል። ቀጥሎ ራሱ ብቅ ይላል፤ ዓይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። ግማሽ ገላውን ብቻ አውጥቶ በዙሪያው ያለውን ሣር ያጭዳል፤ ሰብስቦ ይዞ ወደ ኋላው ይገባል። ቀበሮው ይህንን ያውቃል። ከሩቅ ያየውና ይቆማል። ፍልፈሉ ሲገባ ይጠጋል፤ ሲወጣ ደረቱን መሬት ላይ አጣብቆ ይጠብቃል። ይህ ጨዋታ ረጅም ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜም ባዶ እጁን ይመለሳል። ቀበሮዎቹ በቤተሰብ ይኖራሉ፤ አደን ላይ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው።

ሸለቆው ውስጥ ፊንጫ ሃበራ የሚባል ፏፏቴ አለ፤ ዌብና ወላ ወንዞች የሚገናኙበት ነው። በበጋ ሲያዩት ቀጭን ነው። በነሐሴ ግን ከማየታችሁ በፊት ትሰሙታላችሁ። እዚያ አካባቢ፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ የዋሻ መጠለያ አለ። ተመራማሪዎች በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጡት ጥናት ከዛሬ 47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩበት እንደነበር አሳይተዋል። ያን ጊዜ ሰነቲ ላይ የበረዶ ግግር ነበረ። ሰዎቹ ከዚያ የሚወርደውን ውሃ ይጠጡ ነበር፤ ለስለት የሚሆን ጥቁር የመስታወት ድንጋይ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥተው ያመጡ ነበር፤ ምግባቸውም በዋናነት ያው ትልቁ ፍልፈል ነበር፣ እሳት ላይ የተጠበሰ። ከጥናቱ በፊት የሰው ልጅ እንዲህ ባለ ከፍታ ኑሮ የጀመረው በጣም ዘግይቶ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። እኔ ይህንን ካነበብኩ በኋላ ዌብን የማየው በሌላ ዓይን ነው። ቀበሮው የሚያድነውን እንስሳ፣ በዚያው ሜዳ ላይ፣ ሰው ቀድሞ አድኖታል።

ወንዙም የራሱ ጉዞ አለው። እዚህ በፈረስ የምትሻገሩት ዌብ ወደ ታች ወርዶ፣ ቆላ ከገባ በኋላ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ የሚያልፈው ራሱ ነው። ጊዜ ያለው ሰው በሌላ ቀን ሶፍ ዑመር ሄዶ ሁለቱን ቢያያይዝ ደስ ይለዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ከዲንሾ ዌብ ደርሶ መልስ በእግር ሙሉ ቀን ነው። በክረምት ደግሞ ሙሉ ቀን የላችሁም። በመኪና ልሂድ ካላችሁ ባለ አራት ጎማ ጎታች ያስፈልጋል፤ እሱም ቢሆን ከከባድ ዝናብ በኋላ ጭቃው ውስጥ ይቀራል። በክረምት ለዌብ ትክክለኛው መጓጓዣ ፈረስ ነው። ባሌ የፈረሰኛ አገር ነው፤ ፈረሶቹም ደጋውን፣ ጭቃውንና ወንዙን ለምደውታል። ዲንሾ ላይ በአስጎብኚዎቹ በኩል ከባለቤቱ ጋር ይከራያሉ። ከዋዜማው ቀን ማታ መነጋገር አለባችሁ፤ ጠዋት ተነስቶ ፈረስ መፈለግ ሁለት ሰዓት ይበላል። ስትወጡ ጋልቡ፤ ሸለቆው ውስጥ ውረዱና በእግራችሁ ሂዱ። ቀበሮ ፈረስ ላይ ሆኖም ይታያል፤ ፍልፈሉ ግን ኮቴ ሲሰማ ይገባል።

ዌብ ውስጥ ሰው ይኖራል፣ ከብትም አለ። እረኛ ስታገኙ «አካም ጅርቱ» በሉ፤ ወዲያው ፊቱ ይፈታል። ውሾችም አሉ። ቀበሮዎቹን በብዛት የሚፈጃቸው ከውሻ የሚጋባ በሽታ ነው። በ2003 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በተነሳ የእብድ ውሻ በሽታ ዌብ ውስጥ የነበሩት አብዛኞቹ አልቀዋል። ከዚያ ወዲህ ውሾችንም ቀበሮዎችንም የመከተብ ሥራ ይሠራል። ከእናንተ የሚጠበቀው ቀላል ነው። የራሳችሁን ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ። የተረፈ ምግብ አትጣሉ። ቀበሮ ካያችሁ ቁሙ እንጂ አትከተሉት፤ ከተከተላችሁት አደኑን ታበላሹበታላችሁ።

ሰነቲስ?

ሰነቲ 4,000 ሜትር አካባቢ ያለ አምባ ነው፤ ሸለቆ አይደለም። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ እዚያ ቆሟል። ከዲንሾ ለመድረስ በሮቤና በጎባ መዞር አለባችሁ፤ ስለዚህ ቀኑ የመኪና ቀን ይሆናል። በነሐሴ ጉሙ ከወረደ ደግሞ ከመኪናው ፊት ያለውን መንገድ እንኳ በግድ ነው የምታዩት። ሁለተኛ ቀን ካላችሁና ጠዋቱ ከጠራ ሂዱ። ለአንዲት የእግር ጉዞ ቀን ግን አልመርጠውም።

ለማን የትኛው?

ከባሕር ጠለል አካባቢ ከሆነ አገር የመጣ ዘመድ ይዛችኋል እንበል፤ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ የሚኖር። አዲስ አበባ ሁለት ቀን ማደር ለ3,500 ሜትር በቂ ዝግጅት አይደለም። ዌብ ላይ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። እንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ ዲንሾ ይደር፣ በማግሥቱ ጋይሳይ ይራመድ፣ ደህና ከሆነ በሦስተኛው ቀን ዌብን ያስብ። ራስ ምታቱ ከባሰ ወይም እርምጃው ከተንገዳገደ መፍትሔው ወዲያው ወደ ታች መውረድ ነው። «ትንሽ ያርፍና ይሻለዋል» አይባልም።

እናትና አባት ወይም ትንንሽ ልጆች ካሉ ጋይሳይ ነው፤ ጥያቄም የለውም። ለአዛውንት እሱም ከበዛ ዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ አጭር የጫካ መንገድ አለ። እዚያም የደጋ አጋዘንና የምኒልክ ድኩላ ሰው ለምደው በቅርብ ይታያሉ። እማማ አንድ ሰዓት ተራምደው አጋዘን አይተው ቡና የሚጠጡበት ቦታ ነው።

ጉልበት ያላችሁ፣ ደጋ የለመዳችሁ፣ ሁለት ሌሊት ዲንሾ ያደራችሁ ከሆነ፣ ሌሊቱም ብዙ ካልዘነበ፣ ያለ ምንም ማመንታት ዌብ ሂዱ። አራቱም ሁኔታ መሟላት አለበት። ሦስቱ ተሟልቶ ሌሊቱን ሲያወርደው ካደረ ዌብን ተዉት፤ ጋይሳይ ያችን ጠዋት ይክሳችኋል።

ብቻችሁን የመጣችሁ፣ መኪና የሌላችሁ፣ ግማሽ ቀን ብቻ ያላችሁ ደግሞ ዳንካን ያዙ።

ጫማ፣ ልብስና ስንቅ

ጫማ ላይ ሰው የማይስማማኝ ነገር አለ። ለጋይሳይ የምመክረው የላስቲክ ቦቲ ነው። የአካባቢው ሰው በክረምት የሚያደርገው እሱን ነው፣ ምክንያትም አለው። ሜዳው ጠፍጣፋ ነው፣ ውሃው ግን ብዙ ነው። ውድ የተራራ ጫማ ረግረግ ውስጥ ከገባ እስከ ማታ አይደርቅም፤ ቦቲ ታጥቦ ይገለበጣል፣ አለቀ። ሮቤ ገበያ በቀላሉ ይገኛል። ወፍራም ካልሲ ጨምሩበት፣ አለበለዚያ ተረከዝ ይልጣል። ለዌብና ለዳንካ ግን ቦቲ አይሆንም። ድንጋይ አለ፤ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ ያስፈልጋል።

ዣንጥላ ቤት ይቅር፤ ነፋሱ ይገለብጠዋል። ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬት፣ ከሥሩ ሹራብ፣ ቦርሳ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ አንድ ትርፍ ካልሲና አንድ ደረቅ ሹራብ ይበቃል። ጂንስ ሱሪ አትልበሱ፤ ከረጠበ ይከብዳል፣ አይደርቅም። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ በዚያ ከፍታ ታቃጥላለች፤ ደመናማ ነው ብላችሁ ባርኔጣና የፀሐይ ክሬም አትርሱ።

ስንቅ ላይ አርሲና ባሌ የራሳቸው መልስ አላቸው፦ ጭኮ። ገብስ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በቅቤ ይለወሳል። ትንሿ ጉርሻ ረጅም መንገድ ታስኬዳለች፤ ብርድም ዝናብም አያበላሸውም። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ግን ፍልሰታ ነው። ለሚጾም ሰው ቅቤ ስለማይሆን ቆሎ፣ በሶና ዳቦ ይያዝ። እስከ ቀትር ምግብ ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው ካለ ዌብን ለሌላ ጊዜ ቢያደርገው ይሻላል። ባዶ ሆድ፣ ጥማትና 3,500 ሜትር አብረው አይሄዱም። ጋይሳይን ጠዋት ዞሮ ዲንሾ ተመልሶ ከቀትር በኋላ መመገብ ይችላል። ውሃ ለሁሉም ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር። ብርድ ስለሆነ አይጠማንም፤ ስላልጠማን አንጠጣም፤ ራስ ምታቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ክፍያና አስጎብኚ

የመግቢያ ክፍያው የሚፈጸመው ዲንሾ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ደረሰኝ ተቀበሉና ያዙት። አስጎብኚ ሳትይዙ አትግቡ። ይህ ደንብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በጉም ውስጥ ዌብ ላይ አቅጣጫ የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ብቻ ነው። ወንዙ የቱ ጋ እንደሚሻገር፣ ትናንት ቀበሮው የት እንደዋለ፣ የማን ውሻ እንደሚናከስ የሚያውቀውም እሱ ነው። ፈረስ ካለ የፈረሱ ዋጋ፣ የባለ ፈረሱ አበልና የአስጎብኚው ክፍያ ለየብቻ ናቸው። ማታውኑ አንድ በአንድ ተነጋግራችሁ ጨርሱ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እየዘነበ ከሆነስ? ወዲያው አትሰርዙ። ሻይ ጠጡ፣ አስጎብኚው ወንዙን አይቶ ይምጣ። ሁለት ሰዓት ላይ ካባራ ዌብ ቀርቷል፤ ጋይሳይ ግን ገና አለ። ዝናቡ ገና ያቆመበት ሰዓት አጋዘኖቹ ከጫካው ወጥተው ጠጉራቸውን የሚያራግፉበት ስለሆነ እንዲያውም ጥሩ ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ላይም ካላባራ የጽሕፈት ቤቱን የጫካ መንገድ ሂዱ፤ ዛፉ ግማሹን ዝናብ ይይዝላችኋል። የሚቀጥለውን ጠዋት ለዌብ ማዋል የምትችሉ ከሆነ ፈረሱን ለነገ አዙሩት፤ ባለ ፈረሱም ቢሆን በሞላ ወንዝ ፈረሱን መክተት አይፈልግም።